የማህፀን ኪራይና የወላይታ እናቶች ፊርማ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ሰሞኑን እዚህ ዴንቨር ፓርክ ሂል፣ ከኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ በምንሰበሰብባት ቡና ቤት፣ የአገር ቤቱን ፖለቲካና የዶላር ምንዛሪ ሁሉ ያስረሳ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ርእሱ የማህፀን ኪራይ ነው። የኮሎራዶ ምክር ቤት በ2021 ባወጣው ሕግ አንዲት ሴት የሌሎችን ልጅ በማህፀኗ ተሸክማ ለመውለድ የምትገባው ውል ግልጽ የሆነ ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። ከመካከላችን አንድ ወጣት ይህንን ካስረዳን በኋላ እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ "ታዲያ ይህ ነገር አገራችን ቢገባ ምን ይጎዳል? ድሀዋ በአሥር ዓመት የማታገኘውን ገንዘብ በዘጠኝ ወር ታገኛለች፤ መካኑም ልጅ ያገኛል። ማን ተጎዳ?" አንድ አዛውንት "እግዚኦ!" ብለው አማተቡ። ሌላው ሳቀ። ጥያቄው ግን በሳቅም በማማተብም የሚታለፍ አይደለም።

በበኩሌ ጥያቄው አዲስ ሆኖ አልተሰማኝም። "ድሀዋ ትጠቀማለች፣ ልጅ የሌለውም ልጅ ያገኛል፣ ማን ተጎዳ?" የሚለው አነጋገር ከሃያ ዓመት በፊት በዚሁ ከተማ ስለ ጉዲፈቻ ሲነገር ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ የማህፀን ኪራይ ለኢትዮጵያ ይበጃል አይበጅም ከማለታችን በፊት፣ በእኛው እናቶች ላይ የደረሰውን ታሪክ ከሥሩ ማየት ይገባናል ባይ ነኝ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሜ ስለ ኪራዩ ጥቂት ልበል። ሕንድ ከ2002 ጀምሮ ለዚህ ንግድ በሯን ከፍታ ነበር። በጉጅራት ግዛት አናንድ በምትባል ከተማ ሴቶቹ ከቤታቸው ርቀው፣ በአንድ ቤት ተሰብስበው፣ እስኪወልዱ ድረስ ይቀመጡ ነበር። በ2008 አንድ የጃፓን ባልና ሚስት ሕፃኗ ሳትወለድ ተፋቱና ልጅቱ የማን እንደሆነች ግራ እስኪያጋባ ድረስ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት አመራ። በ2014 ታይላንድ ውስጥ መንታ ከተወለዱት አንዱ የዳውን ሲንድሮም ስለነበረበት ከተሸከመችው ሴት ዘንድ ቀረ፤ እኅቱ ወደ አውስትራሊያ ሄደች። በ2015 ታይላንድ ለባዕዳን በሯን ዘጋች፤ ሕንድም እንዲሁ። ንግዱ ወደ ኔፓል ዞረ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ኔፓልን የመሬት መንቀጥቀጥ በመታት ጊዜ እስራኤል አውሮፕላን ልካ ከሃያ በላይ ሕፃናት ስታወጣ፣ ሕፃናቱን የወለዱት ሴቶች ግን እዚያው ቀሩ። ኔፓልም ዘጋች፤ ንግዱ ወደ ካምቦዲያ ሄደ። እንግዲህ አንዱ በር ሲዘጋ ሌላ ድሀ አገር እየፈለገ የሚሄድ ነገር ነው ማለት ነው። የጉዲፈቻውም መንገድ ይኸው ነበር።

የእኛ ሕዝብ የሌላውን ልጅ ማሳደግ ከፈረንጅ አልተማረም። ኦሮሞው ጉዲፈቻ አለው፤ ልጁ ስም ይወጣለታል፣ እንደ አብራክ ክፋይ ይወርሳል፣ የተወለደበትንም ያውቃል። በሰሜኑ የጡት ልጅ የሚባል ሥርዓት ነበር። ጥበቃ የፈለገ ሰው የጌታውን ጣት ጠብቶ ልጅህ ነኝ ይል እንደነበረ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ጽፏል። ማደጎ የሚለው ቃልም በየቤታችን ያለ ነው። ስንቶቻችን ነን ለትምህርት ብለን አጎት ዘንድ፣ አክስት ዘንድ ያደግን? በዚህ ሁሉ ውስጥ ታዲያ የወለደች እናት አትጠፋም። ልጁ ሲያድግ ተመልሶ ይጠይቃታል፤ ሲያገኝ ይረዳታል፤ ስትሞት ይቀብራታል። ልጇን ለሌላ የሰጠች እናት አንድ ልጅ አጣች አይባልም፤ አንድ ዘመድ ጨመረች ይባላል እንጂ።

ሕጋችንም ይህንኑ ተከትሎ የተጻፈ ነው። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 183 ላይ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ብቻ ነው አሳዳጊው የሚቀድመው። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። አንዲት የወላይታ እናት አዲስ አበባ ድረስ መጥታ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ቆማ "ፈቅጃለሁ" ስትል፣ የፈቀደችው ግንኙነቱ አይቋረጥም በሚል ሕግ ሥር ነው። ልጇ ዴንቨር ሲያርፍ ግን በኮሎራዶ ሕግ የወላጅነት መብቷ ጨርሶ ተቋርጧል። ልጁም ስሙ ይለወጣል፤ አዲስ የልደት ወረቀት ሲወጣለት አሳዳጊዎቹ ወላጅ ተብለው ይመዘገቡበታል። ያው አንድ ፊርማ በአሥራ ምናምን ሰዓት በረራ ውስጥ ትርጉሙ ተገለበጠ። ስለ ውጭ አገር ጉዲፈቻ ብዙ ስለ ሙስናና ስለ ሌብነት ተጽፏል፤ እውነትም ሙስናና ሌብነት ነበረበት። እኔ ግን ትልቁ ጉዳት ሌባ በሌለበትም ሊደርስ የቻለው ይህ ነው እላለሁ፦ ሰጪዋና ተቀባዩ አንድ ቃል ተናግረው ሁለት ነገር መዋዋላቸው።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በ2004 ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ የመጡት ኢትዮጵያውያን ሕፃናት 300 እንኳ አይሞሉም ነበር። በ2005 አንጀሊና ጆሊ ዘሃራን ከአዲስ አበባ ስትወስድ የዓለም ካሜራ ሁሉ ተከተላት። ጓቲማላ በ2007 ብቻ ወደ አሜሪካ ከ4,700 በላይ ሕፃናት ልካ ነበር፤ በ2008 በሯ ሲዘጋ ወኪሎቹ ሌላ አገር መፈለግ ነበረባቸው። ኢትዮጵያ የ1993ቱን የሄግ የጉዲፈቻ ስምምነት አልፈረመችም፤ ስለዚህ ሥርዓቱ ቀለል ይላል፣ ወረፋውም አጭር ነው። በ2010 ከ2,500 በላይ ሕፃናት መጡ፤ ከቻይና ቀጥለን ሁለተኛ ሆንን። በአንድ ወቅት አገር ቤት የሚሠሩት የጉዲፈቻ ድርጅቶች ከ70 በላይ ነበሩ። አንድ ቤተሰብ ለአንድ ልጅ በጠቅላላው ከ20 ሺህ እስከ 30 ሺህ ዶላር ያወጣ ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥትም በ2010 እስከ 13,170 ዶላር ከግብር ይመልስለት ነበር። የአንድ ኢትዮጵያዊ የዓመት ድርሻ በአማካይ ከ400 ዶላር በታች በነበረበት ዘመን ማለት ነው። ከዚህ ገንዘብ አንድ አሥረኛው ለዚያችው እናት ቢደርሳት ልጇን ትሰጥ ነበር ወይ? ይህን የጠየቀ ሻጭም ገዢም ብዙ አልነበረም።

ለምን ወላይታ? ለምን ከምባታ? መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። እንሰቱና ስኳር ድንቹ አረንጓዴ ሆኖ ሰው የሚራብበት አገር ነው፤ በ2008 "አረንጓዴ ረሃብ" የተባለው የደረሰው እዚያው ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ይኸኛው የተሠራው ዋሽንግተን ነው። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ሁለቱም ወላጆቹ በሕይወት ያሉና አብረው የሚኖሩ ልጅ እንደ ሙት ልጅ ተቆጥሮ ቪዛ አያገኝም። ወይ ወላጅ የለውም መባል አለበት፣ ወይም አንዱ ብቻ ቀርቶ እሱም ማሳደግ እንደማይችል መመስከር አለበት። እንግዲህ በድህነት ምክንያት ልጃቸውን ለመስጠት የተስማሙ ባልና ሚስት ቢኖሩ፣ ወረቀቱ አንዳቸውን መግደል ነበረበት። የቀበሌ ማኅተም ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለእኛ ለስደተኞች የሚነግረን ሰው አያስፈልገንም፤ ቀበሌው ሕያው አባት ሞቷል ብሎ መመስከር አያቅተውም። "በኢትዮጵያ 5 ሚሊዮን ወላጅ አልባ ልጆች አሉ" እየተባለ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ሲሰበክ የነበረው ቁጥርም እናቱ ወይም አባቱ ብቻ የሞተበትን ልጅ ሁሉ የሚጨምር ነው። በዚህ ስሌት ከሆነ በእኔ ዕድሜ ካሉት የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ብዙዎቹ በወላጅ አልባነት ተመዝግበው ባደጉ ነበር።

ይህን ከወረቀት ብቻ አላወቅሁትም። በ2012 ገደማ እዚሁ ፓርክ ሂል፣ ከእኔ አፓርታማ ጥቂት መንገዶች አልፎ የሚኖሩ ነጭ ባልና ሚስት አንድ ፋይል ይዘው መጡ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ ጎረቤት ሆነው ይኖሩ ዘንድ በስድሳዎቹ ከታገሉት የፓርክ ሂል ነዋሪዎች ልጆች ናቸው፤ ልጅቱንም ከልባቸው ይወዷታል። ያሳያሉኝ የቀበሌ ደብዳቤ እናትና አባቷ መሞታቸውን ይላል። አብሮት የተሰጣቸው ቪዲዮ ላይ ግን አንዲት ሴት "አክስት" ተብላ ቀርባ ታለቅሳለች። በወላይትኛ ትናገራለች፣ አንዱ ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ ሌላው ወደ እንግሊዝኛ። አማርኛው "መልካም ዕድል ትመኝላታለች" ይላል። እኔ ወላይትኛ አልችልም፤ ስለዚህ አውሮራ የሚኖር አንድ የሶዶ ልጅ ጠርቼ አሰማሁት። ሁለት ጊዜ ከሰማ በኋላ "መልካም ዕድል አላለችም" አለ፤ "ትምህርቷን ስትጨርስ በየትኛው ዓመት ነው የምትመጣው፣ እስከዚያ ፎቶዋ በማን በኩል ይመጣልኛል ነው የምትለው፤ ደግሞም ልጄ ነው የምትላት።" ባልና ሚስቱ ዝም አሉ። ባልየው ቪዲዮውን አጥፍቶ እንደገና ከፈተው። ለወኪሉ ድርጅት ሦስት ጊዜ ጻፉ፤ የመጣላቸው መልስ ፋይሉ ተዘግቷል የሚል ነበር። ያቺ ሴት ልጇን ሸጠች የሚል ካለ ይምጣና ያንን ቪዲዮ ይስማ። ትምህርት ቤት ነው የላከቻት።

ከወላይታ ከሁለት እኅቶቿ ጋር የመጣችው ታሪኳ ለማ ይህንኑ በአደባባይ ተናግራለች፤ አባቷ በሕይወት እያለ፣ ለትምህርት ትሄዳላችሁ፣ ትመለሳላችሁ ተብለው እንደተላኩ በ2013 ለአሜሪካ አንባቢ ጽፋለች። ነገሩ በዚህ ዘመን ብቻ የተጀመረም አይደለም። ታዋቂው ምግብ አብሳይ ማርቆስ ሳሙኤልሰን በሰባዎቹ መጀመሪያ እናቱ በሳምባ ነቀርሳ ስትሞት ወደ ስዊድን ተወሰደ፤ አባቱ በሕይወት መኖሩን ያወቀው ካደገና ስመ ጥር ከሆነ በኋላ ነው።

አገዛዙስ ምን ያደርግ ነበር? እዚህ ላይ የኢሕአዴግን ሥራ ሳላነሣ ባልፍ ታሪኩ ይጎድላል። በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከአንድ አሥረኛ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በሴቶችና በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ለድሀ ሴት በነጻ ጥብቅና የሚቆመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳቡ ታገደበት። የሕፃናት ማሳደጊያ ግን "አገልግሎት ሰጪ" ነው፤ ገንዘቡ መቶ በመቶ ከውጭ ቢመጣም አይነካም። ልብ በሉ፤ አዋጁ በወጣ በዓመቱ ነው የሕፃናቱ ቁጥር ጣሪያ የነካው። ለልጁ የሚከፍለው የፈረንጅ ዶላር በነጻነት ሲገባ፣ እናቲቱን "ይህ ወረቀት እንዲህ ማለት ነው" ብሎ የሚያስረዳት የሕግ ባለሙያ የሚከፈልበት ዶላር ግን ወንጀል ሆነ። አዋጁ የተሻረው በ2019 ነው። በአንጻሩ በማርች 2011 ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ በቀን የሚያየውን ፋይል ወደ አምስት ማውረዱን መካድ አይገባም፤ ከዚያ ወዲህ ነው ቁጥሩ ያሽቆለቆለው።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሐና ሞተች። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ፣ ሴድሮ ዉሊ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በአሳዳጊዎቿ ጓሮ፣ በብርድና በረሃብ። በ2013 ዳኞች ፊት ሲቀርቡ ክርክሩ በአብዛኛው ስለ ዕድሜዋ ሆነ፤ በከባዱ አንቀጽ ለመፍረድ ከ16 ዓመት በታች መሆኗ መረጋገጥ ነበረበት፤ የታመነ የልደት ማስረጃ ግን አልነበራትም። አጽሟ ከመቃብር ወጥቶ ጥርሷና አጥንቷ ተመረመረ። አሳዳጊ እናቲቱ ወደ 37 ዓመት፣ አባትየው ወደ 28 ዓመት ተፈረደባቸው። የእኛ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 195 አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ከያዘው ጉዲፈቻው በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል ይላል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ግን ማን ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ይክሰስላት? እናት የምትባል ሰው በወረቀት ላይ አልነበረቻትም።

ሌላም ክስ ነበር። ኢንተርናሽናል አዶፕሽን ጋይድስ የተባለው ድርጅት ኃላፊዎች በ2014 ተከሰው በየተራ ጥፋታቸውን አመኑ። በሐሰት ሰነድ ከኢትዮጵያ ሕፃናት በማስወጣት ነው የተከሰሱት። የክሱ ርእስ ግን የሚያስገርም ነው፤ "የአሜሪካን መንግሥት ለማታለል መዶለት" ይላል። የተታለለው አሜሪካ ነው! ልጃቸው የሄደባቸው ሰዎች የክሱ ርእስ ላይ የሉም።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ ይኖራል። "እዚያ ቢቀሩ ይሞቱ የነበሩ የሉም ወይ?" አሉ። በእርግጥ ማንም ያልነበራቸው፣ በኤድስ ዘመን አያታቸውም የሞተችባቸው ልጆች ነበሩ፤ እዚህ ተምረው፣ ተወደው ያደጉ አሉ፤ አውቃቸዋለሁ። ምክር ቤቱ በጃንዋሪ 2018 የውጭ አገር ጉዲፈቻን ሲከለክል ለእነዚያ ዓይነቶቹም ዘግቷል። ያም ሆኖ ክልከላው ትክክል ነበር እላለሁ፤ የዘገየ ነው እንጂ። ምክንያቱም ዘጠኙን ለማዳን አንዱን መስረቅ የተባለው ስሌት የማን ዘጠኝ፣ የማን አንድ እንደሆነ የሚቆጥር ሰው አልነበረውም። ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባልም አበበች ጎበና ነበሩ። በ1980 ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው በወሎ ረሃብ መካከል የሞተች እናት ጡት ላይ ያገኟትን ሕፃን ይዘው ተመለሱ፤ ከዚያ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች በአገራቸው፣ በቋንቋቸው አደጉ። እሳቸው በ2021 በኮቪድ ሲያርፉ አገር "እዳዬ" እያለ ነው የቀበራቸው።

አሁን የቡና ቤታችን ወጣት ወዳነሣው ልመለስ። የኮሎራዶው ሕግ ለምትሸከመው ሴት የራሷ ጠበቃ እንዲኖራት ያስገድዳል። ውሉን በቋንቋዋ ታነባለች፤ ቢበደሏት ፍርድ ቤቱ በከተማዋ ነው። ይህን ሕግ በሻንጣ ይዘን አገር ቤት ብንገባ የሚጎድለን አንቀጹ አይደለም፤ ጠበቃዋና ቋንቋዋ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ የቸገራት ደግሞ ለሌላ ታረግዛለች። ጉዲፈቻው ወረቀት ላይ እናትን "ሞታለች" ይላት ነበር። የኪራዩ ውል ግን ከዚያም ይብሳል፤ ከመነሻውም እናት አልነበረችም ይላል። ደም ቢፈስሳት፣ ብትሞት፣ ልጁ በሽተኛ ቢሆንና ገዢው ቢቀር፣ ናይሮቢና አናንድ ያለ ደላላ ስልኩን ቢዘጋ፣ ሴትዮዋ የት ሄዳ ትጮሃለች? ያ ወጣት ይህን ስለው "ሕግ ይውጣለት ነዋ" አለኝ። አንቀጽ 183ም ሕግ ነበር።

እስከዚያው ግን እኛ ዘንድ ያለ የቆየ ሥራ አለ። በጠቅላላው ከ15 ሺህ በላይ የሚሆኑት ወደ አሜሪካ የመጡ ልጆች ዛሬ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። አውሮራ ሐቫና ጎዳና ላይ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን ይገባሉ፣ እንጀራ ያዝዛሉ፣ "ስሜ ምን ማለት ነው?" ብለው አስተናጋጇን ይጠይቃሉ። በየክረምቱ በሚዘጋጁላቸው ካምፖች እኛ ሄደን ሀ ሁ እናስተምራቸዋለን፤ ብዙዎቹ ከእናታቸው አፍ የሰሙት ወላይትኛ፣ ከምባትኛ፣ ሲዳምኛ መሆኑን የጠየቀ አስተማሪ ግን እምብዛም አላየሁም። ቤተሰብ ፍለጋ በተባለው የመረጃ መዝገብ በኩል እናታቸውን ያገኙ አሉ፤ እናቶችም ልጃቸውን ለማግኘት ስማቸውን ያስመዘግባሉ። በዴንቨርና በአውሮራ ሦስትና አራት ወላይትኛ ተናጋሪዎች በነጻ ቢያስተረጉሙ ስንት ቪዲዮ እንደገና ይሰማ ነበር!

ፋይሎቹም አሉ። አሳዳጊዎች ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በየዓመቱ ከፎቶ ጋር ሪፖርት ወደ አዲስ አበባ እንዲልኩ ግዴታ ገብተው ነበር። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ የሚኒስቴሩ መሥሪያ ቤት ስምና አወቃቀር ደግሞ ስንት ጊዜ ተቀያይሯል። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖባቸው የቀሩት የቦሎሶና የዳሞት እናቶች የጠየቁት ፎቶ እዚያ ሣጥን ውስጥ ሊሆን ይችላል። አገር ቤት የምትመላለሱ ወገኖች መሥሪያ ቤቱን ስትረግጡ የምትጠይቁት ነገር ይህ ይሁን፦ ሪፖርቶቹ ለወላጆች ይነበቡ፣ ለልጆቹም የፋይላቸው ግልባጭ ይሰጥ። ጊዜውም የተወሰነ ነው። በሩ ሊዘጋ ሲል በ2017 በሕፃንነታቸው የመጡት በ2035 18 ዓመት ይሞላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ሪፖርት የመላክ ግዴታ ያለበት አሳዳጊ እምብዛም አይኖርም።